የጠፋው ቤት፦ የቅድመ ታሪክ ሰው መጠለያ ከመልካ ቁንጡሬ እስከ ካዛንቺስ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ሲደርስ፣ ሰው ለብዙ አስርት ዓመታት የኖረባቸው መንደሮች በአጭር ጊዜ ውስጥ ከቦታቸው ተነሡ። ከፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ የጭቃ ቤቶች ነበሩ፦ የባህር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ ጭድ የገባበት ጭቃ፣ ከላይ ቆርቆሮ። እንዲህ ያለ ቤት ሲፈርስ መጀመሪያ የሚሄደው ዋጋ ያለው ነገር ነው። ቆርቆሮው ይነቀላል፣ በርና መስኮቱ ሌላ ቤት ላይ ይገጠማል፣ እንጨቱ ማገዶ ይሆናል። የቀረው ጭቃ አንድ ክረምት ከዘነበበት ተመልሶ አፈር ነው። በዚያው ሰፈር ጣልያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው የሠሯቸው የድንጋይና የጡብ ቤቶች ግን ቢፈርሱ እንኳ መሠረታቸው መሬት ውስጥ ይቆያል።

ከሺህ ዓመት በኋላ አንድ የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ካዛንቺስን ቢቆፍርና «የዚህ ሰፈር ሰው በድንጋይ ቪላ ይኖር ነበር» ብሎ ቢጽፍ አይፈረድበትም፤ መሬቱ ያቆየለት እሱን ነውና። በጭቃ ቤት ወልዶ ያሳደገው፣ ዕድር የገባው፣ ጠላና እንጀራ የሸጠው ብዙ ሕዝብ ግን ከታሪኩ ውጭ ይሆናል። ስለ ቅድመ ታሪክ ሰው ቤት የምናውቀው ነገር ሁሉ ይህ መድልዎ አለበት። ድንጋይ የነካው ይተርፋል፤ ከእንጨት፣ ከሣር፣ ከቆዳና ከጭቃ የተሠራው ይጠፋል። እኔ እንደማምነው፣ ከ2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ በአገራችን ምድር ላይ ከቆሙት መጠለያዎች አብዛኞቹ በዚህ በሁለተኛው ወገን ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄውን «ምን ተገኘ?» ብቻ ብለን ከጠየቅን መልሱ ሁልጊዜ ዋሻ ይሆናል።

ብዙዎቻችን በልጅነታችን ያየነው ሥዕል የታወቀ ነው፤ ጸጉራም ወንድ፣ በእጁ ዱላ፣ ከኋላው የዋሻ አፍ። ሥዕሉ ከሞላ ጎደል የአውሮፓ ነው። የፈረንሳይና የስፔን ዋሻዎች ቀድመው ስለተቆፈሩ የሰው ልጅ ሁሉ ቤት ዋሻ የነበረ መሰለ። በእኛም አገር ዋሻ ውስጥ የተገኘው ነገር ትልቅ ነው፤ ማቃለል አይገባም። ከድሬዳዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በገደል ላይ የሚገኘው፣ ፈረንሳዮች የጃርት ዋሻ ብለው የሰየሙት ፖርክ ኤፒክ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ታወቀ፤ በ1933 ደግሞ ካህኑና ሳይንቲስቱ ቴያር ደ ሻርዳን ከባልደረባቸው ጋር ቆፈሩት። ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት እዚያ የነበሩ ሰዎች ለረጅም ዘመን እየተመላለሱ ቀይ የቀለም አፈር ይፈጩ ነበር። የተሰበሰበው የቀለም ድንጋይ ከ4,000 ቁራጭ በላይ፣ ክብደቱም 40 ኪሎ ገደማ ነው። በወላይታ የዳሞታ ተራራ ጎን ያለው ሞቼና ቦራጎም ከ50,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው ያረፈበት ሰፊ የቋጥኝ ጥግ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የባሌው ፍንጫ ሀበራ ሊተኮርበት ይገባል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,469 ሜትር ላይ ነው። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን፣ ከጣሪያው ከፍ ብሎ የባሌ አናት በበረዶ ግግር ተሸፍኖ ሳለ፣ ሰዎች እዚህ ጥግ ሥር እየተመላለሱ ሰፍረዋል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ሲወጣ ብዙዎችን ያስገረመው ከፍታው ነበር፤ አየሩ ስስ፣ ሌሊቱ ብርዳም፣ ምግቡ ውስን በሆነበት ቦታ ያን ያህል ጥንት ሰው ይኖራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። እኔን ይበልጥ የሳበኝ ግን የኑሮው ዝርዝር ነው። ዋናው ሥጋ በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ነበር፤ አጥንቶቹ ላይ የእሳት ጠባሳ አለ፣ ጠብሰው ይበሉት ነበር ማለት ነው። የመሣሪያ ባልጩታቸውን ያመጡት ከዚያም ከፍ ብሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ነው። ውኃው ከበረዶው የሚቀልጥ ነበር። እሳት፣ ምግብ፣ ውኃ፣ የሥራ ዕቃ ሁሉ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ተሟልቷል። ሰው ጥጉን የመረጠው ጣሪያ ስላለው ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን፤ መጀመሪያ የታየው ምድጃው የሚበራበት፣ ውኃና ምግቡም የማይርቅበት አካባቢ ነው።

ዋሻ ውስጥ መኖር ማለት ግን ምንም አለመሥራት ማለት አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ቦርደር ኬቭ በተባለ ዋሻ ከ200,000 ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች በዋሻው ወለል ላይ አመድ አንጥፈው፣ በላዩ ሣር ጎዝጉዘው ይተኙ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት አሳይቷል። አመድ የሚሳቡ ነፍሳትን ያርቃል፤ ሣሩ ሲያረጅ እዚያው ያቃጥሉትና አዲስ ይጎዘጉዛሉ። በበዓል ቀን ቄጤማ ጎዝጉዛ፣ ወለሏን በእበትና በአመድ የምትለቀልቅ የገጠር እናት ይህን ቤት ብታይ እንግዳ አይሆንባትም ነበር። ዋሻው የተፈጥሮ ነው፤ መኝታው ግን የተሠራ ነው። ስለ ቤት ሥራ ስናወራ ግድግዳና ጣሪያ ላይ ብቻ መቆማችን ወለሉንና መኝታውን ያስረሳናል፤ ምናልባት የመጀመሪያው የቤት ሥራ ወለል ማዘጋጀት ነበር።

አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። ዋሻ የጥንት ብቻ አይደለም። በጋሞ ደጋ የሞታ ዋሻ ውስጥ ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው አጽም እ.ኤ.አ. በ2012 ተገኝቶ፣ ከአፍሪካ ሙሉ የዘር ቅንጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበ ጥንታዊ ሰው ሆኗል። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው ላሊበላ ዋሻ፣ በስም ካልሆነ ከላስታዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ጋር የማይገናኘው፣ ከ2,000 ዓመት በላይ የሆነው ገብስ፣ ሽምብራና ባቄላ የተገኘበት ነው። በዚያ ዘመን ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ የድንጋይ ሕንፃዎች ቆመዋል። ገበሬው ግን ዋሻውን አልተወውም፤ ምናልባት ለእህሉ፣ ምናልባት ለከብቱ፣ ምናልባት ለክፉ ቀን ይጠቀምበት ነበር። ዋሻና ቤት አንዱ ሌላውን ተክቶ የሄደ ደረጃ አይደሉም። ጎን ለጎን ኖረዋል፤ ዛሬም በባሌና በሰሜን ተራሮች እረኛ ዝናብ ሲይዘው የሚጠለለው በቋጥኝ ጥግ ነው።

እንግዲህ ዋሻ የሌለበት አገር ሰውስ?

ከካዛንቺስ ተነሥቶ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሄደ ሰው አዋሽ ዳር መልካ ቁንጡሬ ይደርሳል። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው ደከር የተባለ ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ ነው፤ ከ1965 ጀምሮ ዣን ሻቫዮን የሚመራው የፈረንሳይ ቡድን ለብዙ ዓመታት ቆፈረው፣ ኋላም የጣልያን ተመራማሪዎች ተረከቡት። እ.ኤ.አ. በ2024 መልካ ቁንጡሬና አጠገቡ ያለው የባልጪት የባልጩት ቦታ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዘገቡ። ከአዲስ አበባ በጠዋት ሄዶ ለምሳ የሚመለሱበት መንገድ ነው፤ እንደ ቅርበቱ ግን የከተማው ሰው አያውቀውም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

መልካ ቁንጡሬ ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ጋርባ በተባለው ቦታ የተገኘው የሕፃን መንጋጋ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ጽፈዋል። ይህ ቁጥር ለቤት ጥያቄ ትልቅ ትርጉም አለው። ሕፃን ይዞ በደጋ ማደር ከቆላ ማደር ጋር አንድ አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የአዋሽ ዳር ብርድ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። እነዚያ ሰዎች እሳትን እንደ ልባቸው ማንደድ የቻሉ አይመስልም፤ የእሳት ጥሩ ማስረጃ የሚጀምረው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ ከ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ታዲያ በምን አደሩ?

ሻቫዮን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ጎምቦሬ በተባለው ቦታ መልስ ያገኘ መሰለው። ከ1.6 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነው ንብርብር ላይ መሬቱ በድንጋይ መሣሪያና በአጥንት ተሞልቷል። መሐል ላይ ግን ከዙሪያው ትንሽ ከፍ ያለ፣ ባዶ የሆነ ቦታ አለ፤ መሣሪያም አጥንትም አልተጣለበትም። ዳርዳሩ ላይ ተሰብሰብ ብለው የተቀመጡ ድንጋዮች ነበሩ። ሻቫዮን ድንጋዮቹን የእንጨት ሥር ማጽኛ፣ ባዶውን ቦታ ደግሞ በቅርንጫፍ የተከለለ ማደሪያ አድርጎ አነበባቸው። የጻፈው በጥንቃቄ ነበር፤ «መጠለያ ሊሆን ይችላል» አለ እንጂ «መጠለያ ነው» አላለም። ከእሱ በኋላ የጻፉ ብዙዎች ግን ጥንቃቄውን ጣሉት፤ የዓለም የመጀመሪያው ቤት ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘ የሚለውም ከዚህ የመጣ ነው።

ተመሳሳይ ነገር በታንዛኒያው ኦልዱቫይ ቀደም ብሎ ተነግሮ ነበር። ሜሪ ሊኪ ከ1.8 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነው ንብርብር 4 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የጥቁር ድንጋይ ክብ አግኝታ የጎጆ መሠረት አድርጋ ቆጠረችው። ግሊን አይዛክ የተባለው ተመራማሪም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኬንያ ቱርካና ዳር ሲቆፍር፣ የጥንት ሰዎች ወደ አንድ ሰፈር ተመልሰው ምግብ ይካፈሉ ነበር የሚል ሰፊ ሐሳብ አቀረበ። ለአንድ ትውልድ ይህ ሥዕል ገዝቶ ቆየ፦ ወንዱ ያድናል፣ ሴቷ ትለቅማለች፣ ማታ ሁሉም ጎጆው ይገባል። ከዚያ ጥርጣሬው መጣ። ድንጋይ በክብ የሚደረደረው በሰው እጅ ብቻ አይደለም። የዛፍ ሥር ከሥሩ ያለውን ዐለት ሰባብሮ ዙሪያውን ሊገፋው ይችላል፤ ጎርፍም ድንጋይን ያከማቻል፤ ጅብም አጥንት ይሰበስባል። ኦልዱቫይ ላይ ያለው ክብ ዛሬ በአብዛኛው እንደ ቤት አይታይም።

የጎምቦሬው ነገርስ? እኔ የምደግፈው የሻቫዮንን ጥንቃቄ ነው። መልካ ቁንጡሬ የወንዝ ዳር ነው፤ ወንዝ ደግሞ ያጥባል፣ ይደለድላል፣ ይደረድራል። ባዶ ቦታ ብቻውን ጎጆን አያረጋግጥም። ግን ሌላውም ወገን ሲቸኩል አያለሁ፤ «አልተረጋገጠም» የሚለው ቀስ በቀስ «አልነበረም» ሆኗል። እሾሃማ ቅርንጫፍ አቁሞ ጅብና ንፋስ መከልከል ባልጩት እየመረጡ ስለት ከማውጣት የሚከብድ አይደለም። እነዚህ ሰዎች ያንን ሁለተኛውን በእርግጥ ይችሉ ነበር፤ የሠሩበት ድንጋይ በእጃችን አለ። ቺምፓንዚ እንኳ ማታ ማታ ቅርንጫፍ አጥፎ የመኝታ ጎጆ በዛፍ ላይ ይሠራል። እዚያው መልካ ቁንጡሬ፣ ከ700,000 ዓመት በፊት የሆነ የእሳተ ገሞራ አመድ ሥር፣ የአዋቂና የትንንሽ ሕፃናት እግር ዱካ ተገኝቷል፤ ጉማሬ በተበለተበት ኩሬ ዳር ሕፃናቱ ከትልልቆቹ ጋር ነበሩ። ያ ቤተሰብ ሲመሽ የሆነ ቦታ ገብቷል። ያንን ቦታ ያላገኘነው የሚጠፋ ነገር ስለነበረ ይሆናል።

የፈረንሳዩ የቴራ አማታ ታሪክ ለካዛንቺስ ሰው የቀረበ ነው። ኒስ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1966 የመኖሪያ ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር የጥንት ሰዎች ሰፈር ወጣ፤ ግንባታው ቆሞ አንሪ ደ ሉምሌ ለወራት ቆፈረ። ወደ 400,000 ዓመት የሚጠጋ ሞላላ የቅርንጫፍ ጎጆ፣ ከነቋሚው ጉድጓድ፣ ከነምድጃው አገኘሁ አለ። በኋላ ፓኦላ ቪላ የተባለች ተመራማሪ የተሰበሩ ድንጋዮችን መልሳ ስትገጣጥም የአንዱ ድንጋይ ስብርባሪ ከተለያዩ ንብርብሮች የመጣ ሆነ፤ ማለት ወለል የተባለው ንጹሕ ወለል አልነበረም። ክርክሩ ቢቀጥልም ኒስ አንድ ነገር አትርፋለች፤ ሕንፃው በኋላ ተሠርቶ ምድር ቤቱ ሙዚየም ሆነ። ግንባታና ቁፋሮ የግድ ጠላቶች አይደሉም።

ጥርጣሬው ሁሉ እንዲህ እንዳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከዛምቢያ የመጣው ዜና ነገሩን አናወጠው። ካላምቦ ፏፏቴ አጠገብ ውኃ የሞላው አሸዋ ውስጥ ሁለት ግንዶች ተገኙ። የላይኛው ሆን ተብሎ ተቦርቡሮ በታችኛው ላይ እንዲገጥም ተደርጓል። ዕድሜው ቢያንስ 476,000 ዓመት ነው። የዛሬው የእኛ ዓይነት ሰው ገና አልመጣም ነበር። የተገጠመው ነገር የቤት መሠረት ይሁን፣ ከረግረግ በላይ የሚያቆም ወለል ይሁን፣ ድልድይ ይሁን አልታወቀም። ግን አናጢነት ነው። እንጨቱ የተረፈው አየር በሌለበት እርጥብ አሸዋ ውስጥ ስለተቀበረ ብቻ ነው። ያን ቦታ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ቀድሞ የቆፈረው ዴዝሞንድ ክላርክ፣ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ፖርክ ኤፒክንና መካከለኛው አዋሽን ያጠናው ሰው ነው። እሱም በዘመኑ እንጨት አግኝቶ ነበር፤ ዕድሜውን በትክክል የሚለካ ዘዴ ግን ያኔ አልነበረም።

ከዚህ ወዲህ ያለው የዓለም ማስረጃ ፈጠን ብሎ ሊታለፍ ይችላል። በእስራኤል ገሊላ ባሕር ዳር ኦሃሎ በተባለ ቦታ 23,000 ዓመት የሆናቸው ስድስት የቅርንጫፍ ጎጆዎች የታወቁት እ.ኤ.አ. በ1989 ውኃው ሲጎድል ነው፤ ተቃጥለው ወዲያው ሐይቁ ስለዋጣቸው መኝታቸው ላይ የተነጠፈው ሣር ሳይቀር ተርፏል። ዩክሬን ውስጥ ሜዢሪች ላይ ደግሞ ከ15,000 ዓመት በፊት ዛፍ ብርቅ በሆነበት የበረዶ ዘመን ሜዳ፣ ሰዎች ማሞት የተባለውን ጸጉራም ዝሆን መንጋጋና ጥርስ ደርድረው ክብ ቤት ሠርተዋል፤ ምናልባትም በቆዳ ሸፍነውታል። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ ገበሬ ምድር ቤት ሲቆፍር ነው። ሁለቱም የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው፤ የሳር ጎጆ ለመትረፍ መቃጠል ወይም መስጠም ይፈልጋል፤ ካልሆነም ከአጥንት መሠራት አለበት።

አማራ ክልል ውስጥ፣ በመተማ አቅራቢያ በሽንፋ ወንዝ ዳር፣ ከ74,000 ዓመት በፊት የነበረ ሜዳማ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ ተዘግቧል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የተባለው እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የበተነው ብርጭቆ ቅንጣት ከሰፈሩ አፈር ውስጥ ተለይቷል። ሰዎቹ በጋ ላይ ከሚደርቀው ወንዝ በሚቀሩ ኩሬዎች ዓሣ ያጠምዱ፣ የሰጎን እንቁላል ይሰብሩ፣ አውሬ ያድኑ ነበር። ዋሻ የለም፤ ሜዳ ነው። መተማን በሚያዝያ የሚያውቅ ሰው ያለ ጥላ እንደማይዋልበት ያውቃል። የቆሙት ዳሶች ግን አንዳቸውም አልተገኙም፤ የሚጠበቅም አልነበረም።

ታዲያ የጠፋውን ቤት በምን እንፈልገው? አንዱ መንገድ ዛሬም በሚሠሩ እጆች በኩል ነው። ኢትዮጵያ እዚህ ላይ ከብዙ አገር የተሻለ ዕድል አላት። ኮንሶ ውስጥ ቆዳ የሚፍቁ ሴቶች ከድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ ተመራማሪዎች በቅርብ አጥንተዋል፤ መሣሪያውን ድንጋዩን ከማውጣት እስከ መሳል ራሳቸው ሴቶቹ ይሠሩታል። ቆዳ መፋቂያ በቅድመ ታሪክ ቦታዎች በብዛት ከሚገኙት መሣሪያዎች አንዱ ነው። የተፋቀው ቆዳ ልብስ ብቻ አልነበረም፤ መኝታ፣ መጋረጃ፣ ጣሪያም ነበር ብሎ ማሰብ ተገቢ ነው። ድንጋዩ ተረፈ፣ ቆዳው በሰበሰ። ደግሞም መሣሪያ ሁሉ የወንድ እጅ ሥራ ተደርጎ የተጻፈበት ዘመን ስህተት እንደነበር የኮንሶ ሴቶች ያሳያሉ።

የቤቱም ሥራ እንዲሁ ነው። በአፋር ቤቱን የምታቆመው ሴቷ ናት። ለጋ ቅርንጫፍ ጎብጦ ጉልላት ይሆናል፣ ከዘንባባ የተሠራ ሰሌን ይለብሳል፤ ውኃና ግጦሽ ሲያልቅ ይፈታና በግመል ተጭኖ ይሄዳል። በሶማሌና በቦረናም ተመሳሳይ ነው። ሰፈሩ ከተነሣ በኋላ የሚቀረው ዳርዳሩን የያዙ ጥቂት ድንጋዮች፣ የምድጃ አመድና የከብት እዳሪ ነው። በረት የነበረበት ቦታ ለብዙ ዘመን በሣሩ ልዩነት ይታወቃል። አርኪዮሎጂስት ኬንያም ሆነ ኢትዮጵያ የከብት አርቢዎችን ጥንታዊ ሰፈር ሲፈልግ ግድግዳ አይፈልግም፤ የእዳሪውን አፈር በማጉያ መሣሪያ ይመረምራል። እንዲህ ያለ ሥራ ለጎምቦሬና ለሽንፋ ሜዳዎችም ተስፋ ይሰጣል፤ የበሰበሰ ሣር በውስጡ የነበረውን ጥቃቅን የአሸዋ ዓይነት ቅንጣት ትቶ ይሄዳልና፣ ጣሪያም ይሁን መኝታ አፈሩ ላይ አሻራ ይኖረዋል።

የደጋው ቤት ሌላ ነው። በዶርዜ ከቀርከሃ የሚጠለፈው ቤት ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይቆማል። ምስጥ ሥሩን ሲበላው ባለቤቱ ቤቱን አያፈርስም፤ የተበላውን ቆርጦ ዝቅ ያደርገዋል፤ ቦታ መቀየር ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ሙሉውን ተሸክሞ ይወስደዋል። ቤቱ በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ እያጠረ ይሄዳል ማለት ነው። የጉራጌ ቤት ደግሞ መሐሉ ላይ ባለው ምሶሶ ላይ ያረፈ፣ ከምሶሶው እንደ ዘንግ የተዘረጉ ማያያዣዎች ጣሪያውን የሚደግፉት ያለ ምስማር የታሰረ ሥራ ነው። ሁለቱም ከሺህ ዓመት በኋላ ለቆፋሪ የሚተዉት የቋሚ ጉድጓዶችን ብቻ ነው፤ እንጨቱ ሲበሰብስ ጉድጓዱ በጠቆረ አፈር ይሞላል፣ ቆፋሪው ሲልገው ጥቁር ክብ ሆኖ ይታየዋል። ስለ ጥንት ቤት ከምናውቀው ብዙው የመጣው ከእንዲህ ዓይነት ጥቁር ክቦች ነው።

ሰሜን ላይ ድንጋይ ሲገባ ነገሩ ይቀየራል። በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለው መንደር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1,000 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ገበሬዎች ሰፍረው ነበር፤ በአክሱም አካባቢም ከአክሱም መንግሥት በፊት ባለአራት ማዕዘን የድንጋይ ክፍሎች ተገኝተዋል። ይሓ ላይ ግራት በዓል ገብሪ የተባለው ትልቅ ሕንፃ ድንጋይና እንጨት ተሰናስሎ የተሠራ፣ በእሳት የጠፋ ነው። ድንጋዩን በእንጨት ማሰር ከዚያ በኋላ የአክሱም፣ ከአክሱምም በኋላ የብዙ አብያተ ክርስቲያናት ጥበብ ሆኗል። ይህን የሚያነብ ሰው ኢትዮጵያዊ ቤት በድንጋይ ጀመረ ሊል ይችላል። እኔ ግን ድንጋዩን ያሠረው እንጨት ላይ ዓይኔን አሳርፋለሁ፤ የድንጋይ ግንበኛው ከእሱ በፊት ከነበረ የእንጨት ሠራተኛ የተማረ ነው።

አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ስትቆረቆር የድንኳንና የሳር ጎጆ ከተማ ነበረች። ጥዱ ተቆርጦ ሲያልቅ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባህር ዛፍ ቀጥ ያለ፣ ርካሽና ቶሎ የሚደርስ ቋሚ ሆነ፤ የቂርቆስና የካዛንቺስ የጭቃ ቤቶች በእሱ ላይ ቆሙ። የጭቃ ቤት አሠራር የተናቀ ነው፤ መናቁ አይገባውም። ቋሚው ከመተከሉ በፊት ጫፉ በእሳት ይለበለባል ወይም የተቃጠለ ዘይት ይቀባል፣ ምስጥ እንዳይደፍረው። ማገሩ ከውስጥም ከውጭም ይመታል። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ ለቀናት ይተኛል፣ ካልተብላላ ይሰነጠቃል። ምርጊቱ ይገባል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ የሰነጠቀው ይደፈናል፣ ከዚያ ልስኑ ይመጣል። እያንዳንዱ እርምጃ ከብዙ ትውልድ ሙከራ የወጣ ዕውቀት ነው፤ እንጨትን ለብልቦ ከምስጥ ማዳን፣ ጭድን እንደ ጅማት ማስገባት፣ አመድና እበትን ለወለል መጠቀም ከተማው ሳይኖር የነበሩ ናቸው።

ካዛንቺስ ሲለማ መንገድ ሰፍቷል፣ የቆሻሻ መውረጃ ገብቷል፣ ብዙዎች ከጠባብ ግቢ ወጥተዋል፤ ጽሑፌ ይህን የሚቃወም አይደለም። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከባድ መሣሪያ አዲስ ሕንፃ ለመትከል ጥልቅ ሲቆፍር የቋሚ ጉድጓዱ ጥቁር ክብ እንኳ አይቀርም። ከመልካ ቁንጡሬ የጠፋውን ወንዝና ጊዜ ወሰዱት፤ እዚህ ግን ሠሪዎቹ በሕይወት አሉ፣ የት እንደሄዱም ይታወቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂና የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች በቂርቆስ ገና ባልፈረሱት መንደሮች ጥቂት ቤቶችን መርጠው የቋሚውን ርቀትና ጥልቀት፣ የጭቃውን ንብርብር፣ የምድጃውን ቦታ፣ ቤቱ ልጅ ሲወለድና ልጅ ሲዳር በየት በኩል እንደተቀጠለ መዝግበው፣ ሲፈርስም ቆመው መሬቱ ላይ ምን እንደቀረ ቢለኩ፣ በጎምቦሬው ባዶ ቦታ ላይ ለሚከራከሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ያልነበረ ማነጻጸሪያ ይሰጧቸዋል። ለአንድ ቤት ሜትር፣ ካሜራ፣ የአፈር መያዣ ከረጢትና ቤቱን የሠሩት ሽማግሌ ይበቃሉ።